ጋላክሲ አጥንቶ ምን ሊበላ ነው?

በዚህ ዓምድ በየወሩ አንድ ሙያ አንስተን ሥራው ምን እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚገባበትና ከቤተሰብ ምን እንደሚጠይቅ እንጨዋወታለን። የዚህ ወር ሙያ ከወትሮው ራቅ ይላል። ሩቅ ጋላክሲዎችን የሚያጠና የአስትሮፊዚክስ ተመራማሪ ሥራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ልጃችን "ነርስ እሆናለሁ" ወይም "ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ" ሲል ማንም ወላጅ ግራ አይገባውም። ሥራው ይታወቃል፣ ደመወዙም ይታወቃል፣ በሙያው የገባ የጎረቤት ልጅም አይጠፋም። እራት ላይ "እኔ ማጥናት የምፈልገው ጋላክሲ ነው" ያለ ቀን ግን ቤቱ ለአፍታ ዝም ይላል። ከዝምታው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ "ጋላክሲ አጥንተህ ምን ልትበላ ነው?"

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። የዳሊ ሲቲን ሬንት እየከፈለ፣ ሁለት ሺፍት እየሠራ፣ አገር ቤት ላለች እናቱም እየላከ ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው መልስ የሌለው መስሎን "ተው፣ ይቅርብህ" ብለን ስንዘጋው ነው። መልስ አለው። መልሱም "አይዞህ፣ ሁሉም ይሳካል" የሚል ባዶ ማበረታቻ አይደለም። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ሥራው ምንድን ነው?

ጋላክሲ ማለት በጣም ብዙ ከዋክብት፣ ጋዝና አቧራ በስበት ኃይል ተሳስረው አብረው የሚኖሩበት ትልቅ ሰፈር ነው። ትልልቆቹ ጋላክሲዎች ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት ይይዛሉ። የእኛ ፀሐይ ያለችበት ጋላክሲ በአማርኛ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ የወተት መንገድ ማለት ነው። ትልቋ ጎረቤታችን አንድሮሜዳ ናት። እሷም ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች።

የብርሃን ዓመት ምንድን ነው? ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ከአንድሮሜዳ ለመድረስ ግን 2.5 ሚሊዮን ዓመት።

ስልክ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ከአገር ቤት በሰው እጅ የሚላከውን ደብዳቤ አስታውሱ። ደብዳቤው ሲደርስ "ሕፃኑ ዳዴ ማለት ጀመረ" ይላል፤ ሕፃኑ ግን በዚያን ሰዓት ቆሞ እየሮጠ ነው። የጋላክሲ ብርሃንም እንደዚያው ነው። የሚነግረን የዛሬውን ሳይሆን የተነሣበትን ዘመን ወሬ ነው። ጋላክሲው በራቀ ቁጥር ወሬው ያረጀ ይሆናል። ስለዚህ ሩቅ ጋላክሲዎችን የሚያጠና ሰው የታሪክ ሰውም ነው። ጋላክሲዎች እንዴት ተወለዱ? እንዴት አደጉ? አንዳንዶቹ አዳዲስ ከዋክብት መውለድ ለምን አቆሙ? ሥራው እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ባለሙያ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ቴሌስኮፕ ላይ ተክሎ የሚያድር ይመስለዋል። የዛሬ ተመራማሪ በዓይኑ የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። ሰማዩን የሚያነሳው ካሜራ ነው፤ የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር ነው። ተመራማሪው በአብዛኛው ቀን ቀን ነው የሚሠራው። ኮድ ይጽፋል፣ ቁጥር ይመረምራል፣ ሌላ አገር ካሉ ባልደረቦቹ ጋር በዙም ይነጋገራል፣ ተማሪ ያስተምራል፣ ለምርምሩ ገንዘብ የሚያስገኝ ማመልከቻ ያዘጋጃል። ሒሳብና ኮምፒውተር የሥራው ጀርባ አጥንት ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ "ምን ይበላል?" ወደሚለው ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከስፔን ወደ እንጦጦ

አሁን አንዲት እውነተኛ ባለሙያ ላስተዋውቃችሁ። ዶክተር ሚሪያና ፖቪች ይባላሉ። የተወለዱት ሰርቢያ ነው፤ ልጅነታቸው ዩጎዝላቪያ በጦርነት በፈረሰችበት በ1990ዎቹ ዓመታት ያለፈ ነው። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በስፔን ካናሪ ደሴቶች ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግራናዳ በሚገኘው የአንዳሉሲያ የአስትሮፊዚክስ ተቋም ተመራማሪ ሆኑ።

በ2013 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት አንድ ሥራ የሙያውን ጠባይ በደንብ ያሳያል። በስፔን ካላር አልቶ በተባለ ተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ከተነሡ ምስሎች 22,051 ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው ለይተው መዘገቡ። ሃያ ሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ! አንዳንዱ ጋላክሲ ሞላላና ለስላሳ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥምዝምዝ ነው። እናቶች ጥምዝምዙን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ከምጣዱ ዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ሲፈስስ የሚሠራው መስመር ዓይነት ነው። ቅርጹ ስለ ጋላክሲው ዕድሜና ሕይወት ብዙ ይናገራል። ጥምዝምዞቹ ብዙውን ጊዜ ገና አዳዲስ ከዋክብት የሚወልዱ ናቸው፤ ሞላላዎቹ በአብዛኛው ያረጁ ከዋክብት ሰፈር ናቸው።

22,051 ጋላክሲ አንድ በአንድ በዓይን መለየት ምስር እንደመልቀም ነው፤ ያውም ከሩቁ የተነሣ ደብዛዛ ምስር። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የታወቁ ጋላክሲዎችን እያሳዩ "ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው" ብለው ያስተምሩታል፤ እሱ ደግሞ የቀረውን ይለያል። ዛሬ ሁሉም ሰው "ኤአይ" እያለ የሚያወራለት ነገር ዘመድ ነው። ዶክተር ፖቪች በተለይ የሚያጠኑት መሃላቸው ላይ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ እየዋጠ ኃይለኛ ብርሃን የሚያወጣባቸውን ጋላክሲዎች ነው።

የሕይወታቸው መንገድ ለእኛ ለስደተኞቹ ትንሽ ያስገርማል። እኛ ከኢትዮጵያ ወጥተን ወደዚህ መጣን። እሳቸው ደግሞ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሥራቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በዚያም የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን አስተማሩ፤ ሴት ተመራማሪዎችን የሚያሰባስቡ ማኅበራትን ከሌሎች ጋር ሆነው አቋቋሙ። በ2018 በኔቸር የምርምር ሽልማት፣ በ2021 ደግሞ በአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር በጆሴሊን ቤል በርኔል ሜዳሊያ ተከበሩ።

ሜዳሊያው የተሰየመላቸው ጆሴሊን ቤል በርኔልም ለልጆቻችን የሚነገር ታሪክ አላቸው። በ1967 ገና ተማሪ ሳሉ ፐልሳር የተባሉትን ከዋክብት ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት ግን ለአስተማሪያቸው ተሰጠ። በ2018 ትልቅ የገንዘብ ሽልማት ሲያገኙ፣ 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያህለውን ሙሉውን ገንዘብ በፊዚክስ ቦታ ላጡ ተማሪዎች፣ ስደተኞችንም ጨምሮ፣ የትምህርት ድጋፍ እንዲሆን ሰጡት።

"ለደሃ አገር ጠፈር ምኗ ነው?"

ዶክተር ፖቪች አዲስ አበባ ሲደርሱ መንገዱን የጠረጉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ2004 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአስትሮፊዚክስ መምህር ዶክተር ለገሠ ወትሮ ነበሩ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። "ሕዝቡ ዳቦ ሳይጠግብ ጠፈር?" ተባለ። አያችሁ፣ ጥያቄው ያው እራት ላይ የምንሰማው ነው፤ እዚያ ለአንድ አገር ቀረበ እንጂ።

እነሱ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከአዲስ አበባ በላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ተራራ ላይ የምርምር ማዕከል ተሠራ። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉበት፤ በ2015ም ተመረቀ። በ2016 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዛሬ ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ደግሞ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተተኮሰች። የሳተላይቷ ምስል ለእርሻ፣ ለደንና ለአየር ንብረት ክትትል እንዲውል የታሰበ ነበር። እንግዲህ "ዳቦ" ያሉት ሰዎች ጥያቄ በከፊል በዚህ ተመለሰ፤ ሰማይ ማየት የተማረ ሰው ምድርንም ከላይ ማየት ይችላል።

ጋላክሲውም አልቀረም። እንጦጦ ላይ ዶክትሬቱን ይሠራ የነበረ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከዶክተር ፖቪችና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2019 ጥናት አሳተመ። ሀብል ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ተጠቅሞ በአንድ የጋላክሲ መንጋ ውስጥ ያሉ ከ200 በላይ ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው ለየ። ከዚያ መንጋ የመጣው ብርሃን ጉዞውን ከጀመረ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምድራችን ገና ጨቅላ ሳለች ማለት ነው። ይህን ለማጥናት ሀብልን መግዛት አላስፈለገም። ምስሎቹ ለማንም ክፍት ናቸው። የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ ትምህርትና ትዕግሥት ነው።

እንጦጦም የራሱ ችግር አለው። የአዲስ አበባ መብራት እየበዛ ወደ ሰማዩ ይወጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደመና ነው። ስለዚህ በላሊበላ አካባቢ ያሉት ከፍተኛ ተራሮች ለወደፊት ማዕከል ይሆኑ እንደሆነ ሲጠኑ ቆይተዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 በኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ጁን 21 ቀን 2020፣ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና የታየችው በዚያው በላሊበላ ሰማይ ላይ ነበር። ብዙዎቻችሁ በስልክ ቪዲዮው ደርሷችኋል።

ደግሞስ ሰማይ መቁጠር ለኛ አዲስ ነው እንዴ? ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶች የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በ19 ዓመት አስልተው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግሩናል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይሆናሉ ሲሉን የሚያወሩት ስለ ጨረቃ ሒሳብ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን ሲገባና ሲወጣ ጨረቃዋን ይጠባበቃሉ። ልጅ ስለ ሰማይ ሲጠይቅ የእኛ ያልሆነ ነገር ጠየቀ ማለት አይደለም።

በ280 ስንነዳ

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የምንኖረው ለዚህ ሙያ ከዓለም ከተመረጡ ቦታዎች በአንዱ ነው፤ ጉሙ ጋርዶብን ነው እንጂ!

ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ሃሚልተን ተራራ ላይ የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ነጭ ጉልላት ይታያል። በ1888 ሥራ የጀመረ፣ በዓለም ላይ በተራራ ጫፍ በቋሚነት ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው። ገንዘቡን የሰጠው ጄምስ ሊክ የሚባል ሰው ሲሆን ሙያው ፒያኖ መሥራት ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ መሬት እየገዛ ከበረ፤ መቃብሩም ከትልቁ ቴሌስኮፕ ሥር ነው። በ1898 እና በ1900 መካከል ጄምስ ኪለር የተባለ ተመራማሪ እዚያው ጥምዝምዝ ደመና የሚመስሉ ብዙ ነገሮችን ፎቶ አነሳ። ጋላክሲዎች መሆናቸውን ግን ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗን ኤድዊን ሀብል ያረጋገጠው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካለው ዊልሰን ተራራ ላይ ሆኖ ነው።

ከዳሊ ሲቲ ወደ ሳን ሆዜ በ280 ስትነዱ ደግሞ ሜንሎ ፓርክ አካባቢ አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ሕንፃ ከፍሪዌዩ ሥር ያልፋል። ስላክ የሚባለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። በዓለም ትልቁ የሥነ ፈለክ ዲጂታል ካሜራ የተገጣጠመው እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ትንሽ መኪና ያህላል፣ ወደ 3 ቶን ይመዝናል፣ ጥራቱ 3,200 ሜጋፒክስል ነው። በ2024 ወደ ቺሊ ተላከ፤ የመጀመሪያ ምስሎቹ በጁን 2025 ለሕዝብ ታዩ። በ10 ዓመት ውስጥ 20 ቢሊዮን ያህል ጋላክሲዎችን ያነሳል ተብሎ ይጠበቃል። ልብ በሉ፣ ያን ካሜራ የሠሩት ዶክተሮች ብቻ አይደሉም። ኢንጂነሮች፣ ብረት የሚቆርጡ ቴክኒሻኖች፣ ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎችም አሉበት። ጋላክሲ ብዙ ሰው ያበላል።

ካሜራው ያለበት ማዕከል የተሰየመው በቬራ ሩቢን ነው። አባቷ ከሊትዌኒያ የመጡ ስደተኛ፣ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ነበሩ። ልጅቷ ሌሊት በመስኮት ከዋክብት ስትቆጥር ባዩ ጊዜ ከካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ እንድትሠራ ረዷት። ያቺ ልጅ አድጋ የጋላክሲዎችን አዟዟር ለካች፤ ልኬቱም በዓይን የማይታይ ብዙ ቁስ በጋላክሲዎች ውስጥ እንዳለ ከሚያሳዩት ዋና ዋና ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። እግረ መንገዷን አራት ልጆች አሳደገች፤ አራቱም በሳይንስና በሒሳብ ዶክትሬት ያዙ። አባትየው ያወጡት የካርቶን ቱቦ ዋጋ ነው።

ታዲያ ምን ይበላል?

አሁን በግልጽ እንነጋገር። መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ 4 ዓመት የፊዚክስ ወይም የአስትሮኖሚ ዲግሪ አለ። ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዓመት የሚፈጅ ዶክትሬት ይመጣል። ከዚያም ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚቆይ የጊዜያዊ ተመራማሪነት ሥራ አለ፤ ብዙዎች ሁለት ጊዜ ይደግሙታል፣ ለዚያም ከአገር አገር ይዛወራሉ። በመጨረሻ ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ የሚያገኙት ከጀመሩት ጥቂቱ ናቸው። ይህን ለልጅ አለመንገር ልክ አይደለም።

ግን ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይሰሟቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ እዚህ አገር በፊዚክስና በአስትሮኖሚ ዶክትሬት የሚሠራ ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። እንዲያውም እያስተማረ ወይም እየመረመረ ወርሃዊ አበል ይከፈለዋል። አበሉ ሀብታም አያደርግም፤ በቤይ ኤሪያ ሬንት ደግሞ ይጠብባል። ነገር ግን እንደ ሕክምና ትምህርት በትልቅ ብድር አይወጣበትም።

ሁለተኛ፣ ፕሮፌሰር ያልሆነው ሥራ አያጣም። ከላይ ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። 22,051 ጋላክሲ በኮምፒውተር መለየት የተማረ ሰው የሆስፒታል ምስል፣ የባንክ ቁጥር፣ የሳተላይት ፎቶም መለየት ይችላል። ብዙዎች ወደ ዳታ ሳይንስ፣ ወደ ሶፍትዌር፣ ወደ ሳተላይት ኩባንያ፣ ወደ ማስተማር ይሄዳሉ። የምንኖረው ደግሞ ሲሊከን ቫሊ አጠገብ ነው።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያው ከቤት አይርቅም። ሳን ብሩኖ ያለው ስካይላይን ኮሌጅ ለዳሊ ሲቲ ቅርብ ነው። የሳን ማቴዮ ኮሌጅ የራሱ ፕላኔታሪየም አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካልኩለስና ፊዚክስ ወስዶ ወደ በርክሊ፣ ወደ ሳንታ ክሩዝ ወይም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት መዛወር ይቻላል። ዲግሪ የያዙ ተማሪዎች ሳይሆኑ ገና በኮሌጅ ያሉ ልጆች በበጋ እየተከፈላቸው ምርምር የሚለማመዱበት የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ፕሮግራምም አለ። ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ስለሆነ ወረቀታችሁን ቀድማችሁ አጣሩ።

ወላጅ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ነገር "አይሆንም" ለማለት አለመቸኮል ነው። የ14 ዓመት ልጅ ጋላክሲ ሲል ለዕድሜ ልኩ ውል እየፈረመ አይደለም። ለጊዜው የሚጠይቃችሁ ሒሳቡን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ እንድታግዙት ብቻ ነው፤ ያ ሒሳብ ሐኪምም ቢሆን፣ ኢንጂነርም ቢሆን አይባክንም። በአንጻሩ በ14 ዓመቱ "ይሄ የፈረንጅ ሥራ ነው" ተብሎ ፊዚክስን የተወ ልጅ በ20 ዓመቱ ቢመለስ እንኳ ብዙ ነገር አልፎበታል።

ሁለተኛ፣ የሃይ ስኩል አማካሪውን ሄዳችሁ አነጋግሩ። "ልጄ እስከ ካልኩለስ የሚያደርሰው መስመር ላይ ነው ወይ?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። እንግሊዝኛችን ቢሰባበርም አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለን። ይህ ጥያቄ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቀርብ ይመረጣል፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ይዘገያል።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጆቻችንን አንርሳ። ወንዱን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳናስነሳ እሷን "ነይ ቡናውን አቅርቢ" የምንል ከሆነ፣ ሒሳብ የሚሠራበትን ሰዓት ማን እንደተቀማ መቁጠር ነው።

ለልጆች

አንድሮሜዳን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ! በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። አባቷ ሴፌውስ፣ እናቷ ካሲዮፔያ ይባላሉ፤ ሁለቱም በሰማይ ላይ ስማቸው አለ። (ግሪኮች "ኢትዮጵያ" ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው ነበር።)

1. በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከከተማ መብራት ራቅ ወዳለ ቦታ ከቤተሰብ ጋር ሂዱ። ዳሊ ሲቲ በጉም ከተሸፈነች አትዘኑ፤ ወደ ውስጥ ትንሽ ሲነዳ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል።

2. መብራትና ስልክ አጥፍታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ዓይናችሁ ጨለማውን ይለምዳል።

3. በሰሜን ምሥራቅ በኩል አምስት ደማቅ ከዋክብት ተሰልፈው የእንግሊዝኛውን "ደብልዩ" ፊደል ሲሠሩ ታያላችሁ። እናትየዋ ካሲዮፔያ ናት።

4. ከሁለቱ ሹል ጫፎች ይበልጥ የሾለው እንደ ቀስት ወደ አንድሮሜዳ ያመለክታል። ባይኖኩላር ካላችሁ ተጠቀሙ። እንደ ትንሽ የጢስ ብናኝ የደበዘዘች ሞላላ ብርሃን ናት። ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር በምድር ላይ እንደኛ ያለ ሰው ገና አልነበረም።

ኦክላንድ ኮረብታ ላይ ያለው ቻቦት የጠፈርና ሳይንስ ማዕከል ሦስት ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሉት፤ ስማቸው ሊያ፣ ሬቸልና ኔሊ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቅዳሜና እሑድ መዳረሻ ምሽቶች ሕዝብ እንዲያይባቸው ይከፈታሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን እንዲያጣራላችሁ አባዬን ወይም እማዬን ጠይቁ።

ቤት ለምትቀሩ ደግሞ ጋላክሲ ዙ የሚባል ሥራ አለ። በ2007 የተጀመረ ነው። በኮምፒውተር የጋላክሲ ፎቶ ያሳያችኋል፣ "ለስላሳ ነው ወይስ ጥምዝምዝ?" ብሎ ይጠይቃችኋል፤ መልሳችሁን ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። በነጻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሐኒ ቫን አርከል የተባለች የኔዘርላንድ አስተማሪ ማንም ያላስተዋለው አንድ እንግዳ ብርሃን አገኘች፤ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ሳይንቲስት አልነበረችም። ፎቶውን አይታ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች እንጂ።

እናንተም ጠይቁ። ወላጆችም እራት ላይ ጥያቄው ሲመጣ መልሱን ባታውቁት እንኳ "እስቲ አብረን እንፈልገው" በሉ። በሚቀጥለው ወር በሌላ ሙያ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።